የአባቴን ሰላምታ የቆረጥኩበት ሳምንት

ወጣቶች በሚሰበሰቡበት መድረክ ሲጋብዙኝ የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው። «የሥራ ሳምንትሽ ምን ይመስላል?» እኔም በማለዳ ስለ መነሳት፣ ተስፋ ስላለመቁረጥ፣ ደንበኛን ስለ ማዳመጥ እናገራለሁ። ያጨበጭባሉ። ደንበኛን ማዳመጥ የምትለዋ ላይ ስደርስ ግን ድምፄ ዝቅ ይላል፤ እስካሁን የጠየቀኝ የለም እንጂ ምክንያቱ አንድ ሳምንት ነው። እሱን ለወጣቶቹ ነግሬ አላውቅም። እዚህ ልጻፈው፤ ወረቀት ቢያንስ አያጨበጭብም።

ከሚሴ አስፋልቱ ዳር፣ ከአንድ የሞባይል መጠገኛ በላይ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። ክፍሏ ውስጥ ስልክ የሚያነሳ መሣሪያ አለ። በዙሪያችን ያለው የጨፋ ሜዳ ገበሬ በሬውን ወይም ፍየሉን ነድቶ ሰንበቴ ገበያ ከመሄዱ በፊት በእኛ ቁጥር ይደውላል፤ ባለፈው ገበያ ምን ዓይነት ከብት እንደተፈለገ፣ በስንት እንደተሸጠ፣ የአፋር ነጋዴዎች መጥተው እንደነበር በሰው ድምፅ ይሰማል። ማንበብ አያስፈልገውም፣ ኢንተርኔትም አይጠይቀውም። ሥራው ይኸው ነው። አዲስ አበባ ያሉ ሰዎች «ስታርትአፕ» ይሉታል፤ ጎረቤቶቼ ግን ቃሉን ሰምተው ለረጅም ጊዜ የባጃጅ ሞተር የማስነሳ ይመስላቸው ነበር። እንዲያውም አንዱ የማይነሳ ባጃጁን አስገፍቶ ደጄ ድረስ አምጥቶልኛል።

በስልኩ የሚናገረው አባቴ ነው። አባቴ ሰንበቴ የከብት ተራ ውስጥ ያረጀ ደላላ ነው። ራሱን ይወዳል፣ ወሬ ያበዛል፣ እሱ ያሻሻጠውን በሬ ዋጋ ትንሽ ከፍ አድርጎ መናገርም ልማዱ ነው፤ ሌሎች ደላሎች ጠይቄ ስንት ጊዜ አስተካክየዋለሁ። ድምፁን የማያውቅ ግን የለም። ገበያ መሐል ቆሞ «ደውሉልኝ! እኔው ነኝ የማነሳው!» ይላል፤ እመሣሪያው ውስጥ ገብቶ የሚያድር ይመስል። እኔ እስቃለሁ፣ እሱ ደግሞ ስስቅ ይባስ ይጮሃል።

ሰኞ ሰኞ ከገበያ ማግሥት ቢሮ ይመጣና ይናገራል፣ እኔ እቀዳለሁ። የሚጀምረው በሰላምታ ነው። ሰላምታውም ሰላምታ ብቻ አይደለም። «አሰላሙ አለይኩም ወራሕመቱላህ። አካም ቡልተኒ? እንዴት አደራችሁ? ሆሪን ነጋ? ከብቱ ደህና? ኢጆሌን ነጋ? ልጆቹ ደህና? ዝናቡስ? የታመመ ካለ አላህ ያሽረው። ከብት የጠፋበት ካለ አላህ ይመልስለት። የደረሰችውን አላህ በሰላም ይገላግላት። አሚን በሉ።» ከዚያ ጉሮሮውን ይጠርግና «እሺ፣ ወደ በሬው ልምጣ» ይላል። አንድ ቀን ጨፋ ወፍጮ ቤት ውስጥ አንዲት እናት ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ለእያንዳንዷ ጥያቄ መልስ ስትሰጥ አይቻለሁ። «ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። እሱም ደህና ነው። አሚን፣ አሚን።» የተቀዳ ድምፅ መሆኑን ታውቃለች። እያወቀች ነበር የምትመልሰው።

የዚያ ሳምንት ሰኞ አባቴ ተናግሮ ከሄደ በኋላ አዲስ አበባ ያለው አማካሪያችን ደወለ። ሥራችን ላይ ገንዘብ ለማስገባት የሚያስቡ ሁለት ሰዎች በሳምንቱ መጨረሻ መጥተው ገበያውን ሊያዩ ነው። እስኪ ላዳምጠው ብሎ በቁጥራችን ደውሎ ነበር። «ዋጋው መቼ ነው የሚጀምረው?» አለኝ። «እኔ እኮ ስለ ዝናብና ስለ እርጉዝ ስሰማ ቆይቼ ዘጋሁት። ሰው እንዲህ ትዕግሥት የለውም፤ የደንበኛን ጊዜ ማክበር አለብሽ።» እሺ አልኩ።

ጥፋቱን አማካሪው ላይ ብጭነው ይቀለኝ ነበር። ግን እሱ አሳጥሪው አለ እንጂ ቁረጪው አላለኝም፤ አባትሽን ደብቂው ደግሞ ፈጽሞ አላለኝም። ስልኩን ስዘጋ የታየኝ እንግዶቹ ናቸው፤ ጥሩ ልብስ ለብሰው ያንን ቁጥር ሲደውሉና አባቴ ስለ ጠፋ ከብት ዱዓ ሲያደርግባቸው። ጆሮዬ ጋለ። ገና ሳይመጡ፣ ገና ሳይሰሙት በአባቴ አፈርኩ። ከዚህ በኋላ የማወራው ሁሉ ከዚያች ጆሮ የመጣ ነው።

ኮምፒውተሩን ከፈትኩና ሰላምታውን ከ«አሰላሙ» እስከ «አሚን በሉ» ድረስ አጥፍቼ የቀረውን አስገባሁ። ጥፍር የመቁረጥ ያህል ቀለለኝ። አሁን የደወለ ሰው በቀጥታ የሚሰማው «በሬ የሰባው በደህና ዋጋ ነው የወጣው፤ ወይፈን ፈላጊ አልነበረውም» የሚለውን ሆነ። ደጋግሜ አዳመጥኩት። ንጹሕ፣ ፈጣን፣ ዘመናዊ። ለአባቴ ነገ እነግረዋለሁ አልኩ።

ማክሰኞ ጨፋ ወረድኩ። ቁጥራችን ያለበትን ወረቀት በየወፍጮ ቤቱ ስለጥፍ ዋልኩ፤ ባጃጃችን ጭቃ ውስጥ ገብታ እኔም ወርጄ ገፋሁ። መሥራች የሚባለው ሰው ሥራ ግማሹ መግፋት ነው፤ ይህን ለወጣቶቹ ስነግራቸው ይወዱታል። ረቡዕ መብራት ጠፍቶ ዋለ፤ ከታች ካለው ከሞባይል ጠጋኙ ጄኔሬተር ገመድ ስበን መሣሪያውን አቆየነው። ይህን ሁሉ ሳደርግ ለአባቴ መንገሩን ረሳሁት እንዳልል አልረሳሁትም። እያየሁት ነበር የማልፈው።

ታዲያ ጥሪው ጨመረ። ከማክሰኞ ጀምሮ ታይቶ በማይታወቅ ሁኔታ ጨመረ። አንዱ ቁጥር ጠዋት ይደውላል፣ ቀትር ላይ ይደግማል፣ ማታ ይሰልሳል። ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላማ መስመሩ ተጨናነቀ። ለአማካሪው ስነግረው «አየሽ!» አለ። አየሁ! ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ እጄን አጨበጨብኩ። ለእንግዶቹ የምናገረውን ንግግር እንኳ አዘጋጀሁ፤ ደንበኛ ጊዜውን ስታከብርለት ደጋግሞ ይመጣል የሚል ነበር። ለምን ደጋግማችሁ ደወላችሁ ብዬ አንድም ሰው አልጠየቅኩም።

እንዲያውም አንዲት ሴት በቢሮው ስልክ ደውላልኝ ነበር። የጨፋ ልጅ ነኝ አለችና «አባትሽ ደህና ናቸው ወይ?» አለችኝ።

«ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ቤቱስ? ሰው ሁሉ ደህና?»

«ሁሉም ደህና።»

ከዚያ «እንግዲህ እሺ» ብላ ዘጋችው። ደግ ሴት ናት ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

አባቴ የራሱን ድምፅ አያዳምጥም። «እኔን እኔ ምን ብዬ እሰማለሁ?» ይላል። የገበያ ወዳጆቹንም የሚያገኘው ሰንበቴ ላይ ነው። ስለዚህ የገበያው ቀን ሲደርስ አዲስ ሽርጡን ለብሶ፣ ኮፍያውን አስተካክሎ፣ ሽቶ ሁሉ ተቀብቶ ከእኔ ጋር ሚኒባስ ሲሳፈር ምንም የሚያውቀው ነገር አልነበረም። መንገዱን ሙሉ እንግዶቹን ከማን ከማን ጋር እንደሚያስተዋውቅ ሲነግረኝ ነበር። ደስታው ያስጠላኝ ጀመር። ምክንያቱን አውቀው ነበር፤ ያልነገርኩት ነገር ነው።

እንግዶቹ፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ በራሳቸው መኪና መጥተው ከብት ተራው አፍ ላይ አገኘናቸው። ጨዋ ሰዎች ነበሩ። አባቴ ሰላም አላቸውና ከፊት ከፊት እየመራ አስገባን፤ በቀጥታም ወደ አንድ የጨፋ ገበሬ ሄደ። ሰውየው እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ያለ አባቴ ደላላነት ከብት ሸጦ አያውቅም። አባቴ ከሩቅ እጁን ዘርግቶ «አሰላሙ አለይኩም!» አለ።

ሰውየው የሰላምታውን መልስ በከንፈሩ ብቻ መለሰ። እጁን ግን አልሰጠም። የወይፈኑን ገመድ ያጠብቃል፣ ይፈታል፣ እንደገና ያጠብቃል። የአባቴ እጅ አየር ላይ ቀረ።

«ማል ታቴ? ምን ሆነሃል?» አለው አባቴ። «ምን አጠፋሁ?»

«እኔ ነኝ እንጂ ያጠፋሁት» አለ ሰውየው ቀና ሳይል። «ባላጠፋ የአላህን ሰላምታ ትነፍገኝ ነበር? ሳምንቱን ሙሉ ደወልኩልህ። ዛሬ ይለኝ ይሆናል እያልኩ በየቀኑ ደወልኩ። ከብቴን አልጠየቅክ፣ ልጆቼን አልጠየቅክ። ‹በሬ› ብለህ ጀመርክ። ከእኔ ጋር ያለህ ነገር በሬ ብቻ ነው?»

ሰው ተሰበሰበ። አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቀረቡ። «እኛማ ሰው ሞቶበት ነው ብለን ለቅሶ ልንደርስ ተነስተን ነበር» አሉ። «ከሚሴ ያለች ልጄን ደውዪና ስለ አባትየው ጠይቂ አልኳት። ሁሉም ደህና ነው ተባልን። ሞት ከሌለ እንግዲህ ኩርፊያ ነው።»

በእኛ አገር ያለ ሰላምታ ወሬ የሚጀምር ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ መርዶ ይዞ የመጣ ወይም የተቀየመ። ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም። የጨፋ ልጅ ሁሉ ከእናቱ ጀርባ ሳይወርድ የሚያውቀው ነገር ነው፤ እኔም አውቀዋለሁ። አውቄው ነው የቆረጥኩት፤ ወይም ያን ሰኞ እንዳላውቀው መሆን አምሮኝ ነበር። ደጋግማችሁ ስትደውሉ ጊዜያችሁን ስላከበርኩላችሁ የመሰለኝ ሰዎች፣ ሰላምታችሁን ስትፈልጉ ነበር የሰነበታችሁት።

አባቴ ምንም አልገባውም። «እኔ? እኔ ሰላምታ ነፍጌ?» እያለ ዙሪያውን ያያል። ሊስቅም ዳድቶት ነበር። ከዚያ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ደወለና ሁሉም እንዲሰማው ድምፁን ከፈተው። የአባቴ ድምፅ ከከብቱ ጩኸት በላይ ወጣ። «በሬ የሰባው በደህና ዋጋ ነው የወጣው...»

አባቴ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ የማያውቀው ሰው ሲናገር እንደሚሰማ ሰው። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። «እኔ ነኝ የቆረጥኩት» ማለት፤ ከዚያ በላይ የሚያስፈልግ አልነበረም። አፌ ውስጥ ነበረ። ነገር ግን ልክ ያን ጊዜ ሴትየዋ እንግዳ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ምንድን ነው የሚሉት?» አለችኝ፤ ግማሹ ኦሮምኛ ስለሆነ አልተከታተለችውም። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ «ስለ አገልግሎቱ አስተያየት እየሰጡ ነው» አልኳት።

«እንዴት ንቁ ደንበኞች ናቸው!» አለች። ከልቧ ነበር የተደሰተችው።

አባቴ እኔን አየ። እንግዶቹን አየ። እንደገና እኔን አየ። ፊቱ ላይ ቁጣ ብፈልግ አጣሁ፤ የነበረው የመቸኮል ዓይነት ነገር ነው፣ ልጁ ልትወድቅ ስትል እጁን የሚዘረጋ ሰው መቸኮል። ወደ ወዳጁ ዞረና «ጉሮሮዬን አሞኝ ነበር» አለ። «ያን ቀን ድምፄ እምቢ አለኝ፤ አሳጠርኩት። አጥፍቻለሁ። አውፍ በሉኝ።»

«ጉሮሮህን ቢያምህ አንዲት አሰላሙ አለይኩም ታቅትህ ነበር?» አለው ሰውየው።

አባቴ፣ በወሬ ማንም አሸንፎት የማያውቀው ሰው፣ «አጥፍቻለሁ አልኩህ እኮ» ብቻ አለ።

ሰውየው ገመዱን ወደ ግራ እጁ አዛወረ። «አውፍ ብዬሃለሁ። አላህም አውፍ ይበልህ» ብሎ እጁን ሰጠው። ሌሎቹም ሰጡት። መሬቱ ተሰንጥቆ ቢውጠኝ ምን ነበረበት? አልተሰነጠቀም። እኔም እንግዶቹን ይዤ ወደ ፍየሉ ተራ አለፍኩ።

ከዚያ በኋላ አባቴን ያየሁት በከብቶቹ መሐል ከሩቅ ብቻ ነው። አንድም ከብት ሳያሻሽጥ ዋለ። ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል፣ እጅ ይጨብጣል፣ ከብት ይጠይቃል፣ ልጅ ይጠይቃል፣ አውፍ በሉኝ ይላል። የተሳሳመው አለ፤ እጁን ቶሎ ለቆ ዘወር ያለውም አለ። ውሃ ልገዛ ስወጣ ከኋላዬ ያሉ ሁለት ሰዎች ስለ እሱ ሲያወሩ ሰማሁ። «ልጁ ስልክ ካቆመችለት ወዲህ ኮራ» አለ አንዱ። ሌላው «ሀብት ሊመጣ ሲል ከሁሉ በፊት ሰላምታ ነው የሚጠፋው» አለው። ዞሬ ልናገራቸው እችል ነበር። ውሃውን ገዝቼ ለእንግዶቹ አደረስኩ።

እንግዶቹ ወደዱት። ገበያውን ወደዱት፣ የጥሪውን ብዛት ወደዱት፣ እኔንም ወደዱኝ። በኋላም ገንዘቡን ለማስገባት እሺ አሉ። በመድረክ ላይ ስለዚህ ውጤት ሲጠይቁኝ አሁንም ፊቴ በርበሬ ይመስላል፤ ትሑት ናት ይሉኛል።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እንዲቆጣኝ ለመንኩ፣ በሆዴ። እንደ ልጅነቴ ጆሮዬን ቢቆነጥጠኝ ደስ ባለኝ። እሱ ግን በመስኮቱ የጨፋን ማሽላ ያያል። ከሚሴ ልንገባ ስንል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሌላው ተሳፋሪ እንዳይሰማ፣ «ረዝሞብሽ ነበር?» አለኝ።

«ሰዎቹ ከአዲስ አበባ ስለሚመጡ ነው አባዬ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ብትነግሪኝ እኮ አሳጥረው ነበር» አለ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። አለመናገርም ወለምታ መሆኑን ማንም አልነገረኝም። «ለሰዎቹ እኔ ልንገራቸው» አልኩት። «በሚቀጥለው ገበያ ቆሜ እኔ ነኝ የቆረጥኩት ልበላቸው።»

«ተይው» አለኝ ፈጠን ብሎ። «እኔን አውፍ ብለውኛል፤ አለቀ። አንቺ ከተናገርሽ ግን የአባቷን አፍ የዘጋች ልጅ ይሉሻል። እሱ ስም አይለቅም። ሥራሽም አብሮ ይጠፋል።» ትንሽ ቆይቶ «እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ኮራ ቢሉኝ ምን ይጎዳኛል» አለ። እንደሚጎዳው ሁለታችንም እናውቅ ነበር። እኔም ተውኩት። እስከ ዛሬ ትቼዋለሁ።

በማግሥቱ ሰኞ ነበር። የሚመጣ አልመሰለኝም፤ ከእኔ ቀድሞ ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ገባን። መቅጃውን አስተካክዬ ጀምር አልኩት። ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፣ «አሰላሙ አለይኩም» አለ፣ ቆመ። ከዚያ ፈተና እንደተፈተነ ልጅ አየኝ።

«ይሄስ በዛ?» አለኝ። «ካስቸገረሽ እሱንም እተወዋለሁ።»

የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። «አልበዛም አባዬ» አልኩት። «እንደ ድሮህ በል። እንዳሰኘህ አርዝመው። እኔ ከእንግዲህ አንዲት ቃል አልነካም፤ ወላሂ አልነካም።» አመነኝ መሰለኝ፤ ፈገግ አለ፤ ኮፍያውንም አስተካከለ። ከመጀመሪያው አስጀመርኩት።

«አሰላሙ አለይኩም ወራሕመቱላህ» አለ። «አካም ቡልተኒ? እንዴት አደራችሁ?» ከብቱንና ልጆቹን ከመጠየቁ በፊት ቀና ብሎ አየኝ። ጭንቅላቴን ነቀነቅኩለት፣ ቀጥል፣ ቀጥል አልኩት በእጄ። እሱ ግን ጉሮሮውን ጠረገና ወደ በሬው ዋጋ ገባ።